የጎንደሩ የመጽሐፍ ሳምንት፦ የሽልማቱን ማታ አስተካክሉልን

ፒያሳ አካባቢ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ውል እጽፋለሁ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ እጠርዛለሁ። በዓመት አንዴ ደግሞ፣ ከጥምቀት በፊት ባሉት ሳምንታት፣ ልጆች ደብተራቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ይመጣሉ። "ለውድድሩ ነው" ይሉኛል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ዘንድሮ ለመጽሐፍ ሳምንቱ የጽሑፍ ውድድር አስራ አንድ ሰው አጭር ልብ ወለድ፣ ሰባት ሰው ደግሞ ግጥም እኔ ጋ አስጽፏል። ስለዚህ ይህን የመጽሐፍ ሳምንት የማየው እንደ ጎብኚ ብቻ አይደለም። መድረክ ላይ የተነበበውንም ያልተነበበውንም አስቀድሜ አውቀዋለሁ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ዝግጅቱ ከጃንተከል ዋርካ ወረድ ብሎ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ አምስት ቀን የሚቆይ ነው። የሚያዘጋጁት የከተማው ወጣቶችና መምህራን ናቸው፤ በራሳቸው ጊዜ፣ ከየሱቁ እየዞሩ በሰበሰቡት ገንዘብ። እኔም የአቅሜን ሰጥቻለሁ፣ ደረሰኝም ቆርጠውልኛል። መግቢያው በነጻ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ይከፈትና ማታ 12 ሰዓት ይዘጋል። ቀኑን ከጥምቀት በኋላ ማድረጋቸው በጣም ትክክል ነው። በጥምቀት ሰሞን ጎንደር መላወሻ የላትም፣ ሰውም ልቡ ፋሲል መዋኛ ነው ያለው። በዓሉ ሲያልፍ ነው አረፍ ብሎ መጽሐፍ ለማገላበጥ ልብ የሚገኘው።

መጀመሪያ ስለ መጽሐፎቹ። ድንኳኖቹ አስራ ምናምን ይሆናሉ። ከአዲስ አበባ የመጡ ሻጮች አዳዲስ መጽሐፍ ይዘዋል፣ ቅናሽም አድርገዋል፤ ቢሆንም አንድ ደህና ልብ ወለድ ከ400 ብር በታች አላገኘሁም። ለተማሪ ይሄ ብዙ ነው። ልጆቹ መጽሐፉን አንስተው የጀርባውን ጽሑፍ ያነቡና ቀስ ብለው ይመልሱታል። ደጋግሜ አየሁ፣ ደስ አይልም። ነገሩ የዳነው በአሮጌ መጽሐፍ ሻጮቹ ነው። ከግቢው ጥግ ሸራ ዘርግተው መሬት ላይ ነው የደረደሩት። እዚያ በ60 ብርም በ80 ብርም ይገኛል፣ መከራከርም ይቻላል። እኔ ሽፋኑ የተገነጠለ የተረትና ምሳሌ ስብስብ በ70 ብር ገዝቼ ራሴ ጠረዝኩት። ልምከራችሁ፣ ወደዚያ ጥግ የምትሄዱ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሂዱ። በሦስተኛው ቀን የቀረው የድሮ የትምህርት መጽሐፍ ብቻ ነበር።

የሕፃናት መጽሐፍ ግን በጣም ያንሳል። ሁለት ጠረጴዛ ብቻ። እሱም ላይ አብዛኛው ፊደል ማስቆጠሪያ ነው። ፊደል ቆጥሮ የጨረሰ የስምንትና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ምን ያንብብ? እህቴ ሁለት ልጆች ይዛ ከማራኪ ድረስ መጥታ አንድ መጽሐፍ ገዝታ ተመለሰች። ሁለቱ ልጆች በእሱ ሲጣሉ ሰነበቱ።

ቡናው ጥሩ ነው። ሽንት ቤቱ አንድ ነው፣ ውሃ የለውም፣ ይታሰብበት።

ከድንኳኖቹ ሁሉ ሰው ያልተለየው የቁም ጸሐፊው ነበር። አንድ ሽማግሌ ካህን ናቸው። በእንጨት ላይ የተወጠረ የፍየል ቆዳ ከጎናቸው አቁመዋል፣ ሲፋቅ ለማየት የፈለገ እንዲያይ። የቀለም ቀንዶቹን መሬት ላይ ተክለዋቸዋል፣ አንዱ ጥቁር አንዱ ቀይ። ቀዩ ለቅዱሳን ስም ነው አሉን። በሸምበቆ ብርዕ በትናንሽ የብራና ቁራጭ ላይ የመጣውን ልጅ ስም ይጽፉለታል፣ በነጻ። ከመጻፋቸው በፊት ቁራጯን በወስፌ ጠቅ ጠቅ አድርገው መስመር ያወጡላታል። ለአንዲት ስም! ቆሜ ሳይ አንድ ትንሽ ልጅ "አባባ፣ ሲሳሳቱስ እንዴት ያጠፉታል?" ብሎ ጠየቃቸው። መልስ አልሰጡትም። አንድ ፊደል ሆን ብለው አሳስተው ጻፉ፣ እስኪደርቅ ጠበቁ፣ ከዚያ በትንሽ ቢላ ጫፍ ቀስ እያሉ ፋቁት። ቆዳው ላይ ነጣ ያለ ቦታ ቀረ። በእሱ ላይ ትክክለኛውን ፊደል ጻፉበት። ይሄ ሁሉ ምናልባት አምስት ደቂቃ ወስዷል። ልጁ ትንፋሹን ውጦ ነው ያየው። እኔ ያቺን የማጥፊያ ቁልፍ በቀን ስንት መቶ ጊዜ እንደምጫናት አሰብኩና የእኔታ አጠገብ ሃያ ደቂቃ ቆሜ ቀረሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ አዘጋጆቹ ሃያ የሚሆኑ ልጆች ይዘው ወደ ግቢ ሄዱ። የነገሥታቱ ግቢ ከድንኳኖቹ ብዙም አይርቅም። እኛ የጎንደር ሰዎች ቤተ መንግሥቱን ለእንግዳ እናሳያለን እንጂ ራሳችን አንገባበትም፤ እኔም ተከትዬ የገባሁት ከስንት ዓመት በኋላ ነው። ልጆቹን በቀጥታ የወሰዷቸው ወደ ትልቁ የፋሲል ግንብ አልነበረም። የፋሲል ልጅ ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ወዳሠሩት ቤተ መጻሕፍት ነው። ይሄን የመረጠውን ሰው አመሰግናለሁ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ለመጽሐፍ ተብሎ በድንጋይና በኖራ የተሠራ ቤት በከተማችን መሃል ቆሟል፣ ስንቶቻችን ነን በአጠገቡ አልፈን የማናውቀው? ውስጡ ባዶ ነው። አንዲት ልጅ ዙሪያውን ዓይታ "መጽሐፎቹስ የት ሄዱ?" አለች። አስጎብኚው "ከሰዓት 9 ሰዓት ድንኳኑ ጋ ነይ፣ እዚያ ይነገርሻል" አላት።

በ9 ሰዓት አንድ የታሪክ መምህር ስለ ጎንደር መጻሕፍት ተናገሩ። ሁሉም ከዚያች ቤት የወጡ ናቸው አላሉም፣ ጠንቃቃ ሰው ናቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ብራና ሰብስበው ወደ መቅደላ እንደወሰዱ፣ እዚያ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ሊያደርጓቸው አስበው እንደነበር፣ ሚያዝያ 1860 መቅደላ ስትወድቅ የእንግሊዝ ጦር በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ እንዳወረዳቸው፣ ወደ 350 የሚጠጉት ለንደን ገብተው እስከ ዛሬ እዚያ እንዳሉ አንድ በአንድ አስረዱን። ያቺ ልጅ መጥታ ነበር። ፊት ለፊት ተቀምጣ ሰማች። የሚያሳዝነው የመጣነው ሰላሳ እንኳን አንሞላም ነበር። ጄኔሬተሩን ደግሞ ከድንኳኑ ጀርባ ስለተከሉት መምህሩ እየጮሁ ነው የተናገሩት። እንዲህ ያለ ንግግር ለሚቀጥለው ዓመት አዳራሽ ይገባዋል፣ ቢያንስ ጄኔሬተሩን ራቅ አድርጉት።

አሁን ወደ ውድድሩ ልግባ። ይህን ሁሉ የምጽፈውም በእሱ ምክንያት ነው።

ዘርፉ ሁለት ነው፣ ግጥምና አጭር ልብ ወለድ። ስም አይጻፍም። አዘጋጆቹ ለእያንዳንዱ ጽሑፍ ቁጥር ይሰጡትና ዳኞቹ የሚያዩት ቁጥሩን ብቻ ነው። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። በትንሽ ከተማ ሁሉም ሰው የሁሉም ሰው ዘመድ ነው። የማን ልጅ እንደሆነ ሳይታወቅ መነበብ ለልጆቹ ምን ማለት እንደሆነ ዓይናቸው ላይ አይቻለሁ። አንዱ ሦስቴ ነው የጠየቀኝ፣ "ስሜ እውነት የትም ቦታ የለም?" እያለ።

ደንቡ ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። "ከአምስት ገጽ ያልበለጠ" ይላል። የስንት ፊደል ገጽ? ይሄን ያህል ቃል ቢባል ኖሮ ሁሉም እኩል ይሆን ነበር። ገጽ ሲባል ግን ሰው ሁሉ እኔ ጋ መጥቶ "ፊደሉን ትንሽ አውርጂልኝ፣ ዳሩንም አጥብቢልኝ" ይለኛል። የማውቀው አንድ ልጅ ስምንት ገጽ የሚሆን ታሪክ በ9 ነጥብ ፊደል አምስት ገጽ ላይ አስገብቶ ሄደ። ዳኛው በምን ዓይኑ ያነበዋል? ሌላው በታማኝነት ታሪኩን ቆራርጦ አምስት ገጽ ያደረገው ልጅስ?

ሁለተኛው፣ በኮምፒውተር ተጽፎ በሦስት ቅጂ ካልቀረበ አይቀበሉም። እኔ ገበያ አገኝበታለሁ፣ ግን ልክ አይደለም። አምስት ገጽ ማስጻፍና በሦስት ቅጂ ማውጣት አንድ መጽሐፍ ሊገዛ የሚችል ገንዘብ ነው። ለውድድሩ ለመጡ ተማሪዎች በግማሽ ዋጋ ሠርቻለሁ። እንደዚያም ሆኖ ሁለት ልጆች ዋጋ ጠይቀው ሄዱና አልተመለሱም። ከ18 ዓመት በታች ላሉት የእጅ ጽሑፍ ተቀበሉ። የሚነበብ ከሆነ ምን ችግር አለው? የእኔታ ቁም ጽሕፈታቸውን ያሳዩን በዚሁ ግቢ ውስጥ አይደለም?

ርዕሱም ላይ አንድ ነገር ልበል። ዘንድሮ "ከተማዬ" የሚል ርዕስ ሰጡ። ከጻፍኳቸው ሰባት ግጥሞች አምስቱ በፋሲል ግንብ ነው የሚጀምሩት። "ፋሲል"ን ከ"ሲል" ጋር ቤት ያስመታው ብቻ ሦስት ሰው ነው። ልጆቹ አይፈረድባቸውም። ከተማዬ ሲባሉ ከሕፃንነታቸው የለመዱት መልስ እሱ ነው። ርዕሱን ልቅ ብታደርጉት ወይም ጠበብ አድርጋችሁ "የሰፈሬ መንገድ"፣ "ባጃጅ ተራ"፣ "ቤታችን ዝናብ ሲዘንብ" ብትሉ ምን ያህል የተለየ ነገር ይመጣ ነበር።

ይሄን የምለው አንድ ታሪክ ስለማውቅ ነው። አንዲት የአዘዞ ልጅ ናት። ደብተሯን ስትሰጠኝ ጽሑፉ በሰማያዊ እስክሪብቶ ይጀምርና መሃል ላይ ጥቁር ይሆናል። ታሪኩ ስለ ውሃ ወረፋ ነው። ጎንደር የኖረ ሰው ያውቀዋል። ማታ ቢጫ ጀሪካኖች በገመድ ታስረው ይሰለፋሉ፣ ባለቤቶቹ ቤታቸው ገብተው ይተኛሉ። ጀሪካኑ ላይ ስም ተጽፎበታል። በልጅቷ ታሪክ ውስጥ ጠዋት ውሃው ሲመጣ ሁለት ጀሪካን ላይ አንድ ዓይነት ስም ይገኛል፣ በአንድ ዓይነት የእጅ ጽሑፍ። አንደኛው የእናትየዋ ነው። ሌላኛው የማን ነው? ከዚህ በላይ አልነግራችሁም። እኔ ስተይብ ብዙ ጊዜ ቃሉን እንጂ ሐሳቡን አላነብም፣ ሥራው እንደዚያ ነው የሚሄደው። እዚያች ቦታ ላይ ስደርስ ግን እጄን ከኪቦርዱ አንስቼ ደብተሩን እስከ መጨረሻው አነበብኩ። ፎቶ ኮፒ ሊያስደርግ የቆመ ሰው "እትዬ፣ እየጠበቅኩ ነው" እስኪለኝ።

ስለ ዳኞቹ ሳልናገር አላልፍም። ከውጤቱ በፊት ባለው ቀን ከዳኞቹ አንዷ ከተወዳዳሪዎች ጋር ቁጭ ብለው ጥያቄ ተቀበሉ። አንድ ልጅ ስለ ሞክሼ ፊደላት ጠየቀ። ጸሐይ ነው ፀሐይ? ሠራ ነው ሰራ? ነጥብ ይቆረጣል ወይ? ዳኛዋ "ለእሱ አንቆርጥም፣ ግን አንድ ገጽ ላይ ያንኑ ቃል በሁለት ፊደል ከጻፍክ ራስህ ደግመህ አላነበብከውም ማለት ነው፣ እሱን እናያለን" አሉት። ደስ አለኝ። ዓመቱን ሙሉ ለደንበኞቼ የምለው ይሄን ነው። የፈለጋችሁትን ምረጡ፣ ከመረጣችሁ ግን አትለዋውጡ።

እንግዲህ የሽልማቱ ማታ። እሑድ 10 ሰዓት ይጀመራል ተብሎ በወረቀት ተለጥፎ ነበር። ልጆቹ ከ9 ሰዓት ጀምሮ ወንበር ይዘዋል፣ አንዳንዶቹ የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ አንዳንዶቹ ከነእናታቸው። የክብር እንግዳው እስኪመጡ ተብሎ 12 ሰዓት አለፈ። ሲመጡ ንግግር ተጀመረ። አራት ሰው ተናገረ። ከአራቱ አንዱም ከቀረቡት ጽሑፎች አንዲት መስመር አልጠቀሰም። ቀጥሎ ሙዚቃ። ጨለመ፣ በረደ። በጥር የጎንደርን ማታ ታውቁታላችሁ። ከሩቅ ሰፈር የመጡት አንድ ሁለት እያሉ መውጣት ጀመሩ። የአዘዞዋ ልጅ ሁለት ረድፍ ከፊቴ ነበረች። ደጋግማ ወደ በሩ ታያለች። ታክሲ እንዳያልቅባት ነው። 1 ሰዓት ከሩብ ገደማ ተነስታ ወጣች። ጥቂት ቆይቶ የልብ ወለድ ሦስተኛ ደረጃ ተብሎ ስሟ ተጠራ።

ማንም አልተነሳም። መድረክ መሪው ደግሞ ጠራ። እጄን አውጥቼ "አውቃታለሁ፣ አሁን ነው የወጣችው" አልኩ፤ ድምፄ አልደረሰም። "እሺ፣ በሌላ ጊዜ ትወስዳለች" ብሎ ወደ ሁለተኛው አለፈ። አንድ ሰው እንኳን አላጨበጨበም፣ ሰው የሚያጨበጭበው ለተነሳ ሰው ነው።

በዚህ በጣም ነው ያዘንኩት። ይሄ የገንዘብ ጉዳይ አይደለም። ዳኞች የጨረሱትን ሥራ መድረኩ አበላሸው። ልጆቹን አስቀድማችሁ ሸልሙ። በ10 ሰዓት፣ እንግዳው መጡም አልመጡም። ንግግር ያለው ከዚያ በኋላ ይናገር። ሌላ ደግሞ፣ የሦስቱንም አሸናፊዎች ጽሑፍ አንብቡልን። ዘንድሮ የተነበበው የአንደኛው ብቻ ነው፣ እሱም ሰዓት አልቋል ተብሎ በጥድፊያ። በነጋታው ልጅቷ ጋ ደውዬ ሦስተኛ መውጣቷን ስነግራት ትንሽ ዝም አለችና "ጮክ ብለው አነበቡት?" አለችኝ። "አላነበቡትም" አልኳት። ምን ልበላት።

ባለፈው ዓመት አሸናፊዎቹ በአንድ መድበል ይታተማሉ ተብሎ ነበር። እስካሁን አልታተመም። ዘንድሮም ያንኑ ቃል ገብተዋል። የኅትመት ዋጋ የት እንደደረሰ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፣ ወረቀት በየጊዜው ነው የምገዛው። ማተሚያ ቤት ካልተቻለ ፎቶ ኮፒ አድርገን በካርቶን እንጠርዘው። ጥረዛው ከእኔ፣ ዋጋ አልጠይቅም። ይህን ለአዘጋጆቹ በአካልም ነግሬያቸዋለሁ።

ይሄ ሁሉ ሆኖ ለሚቀጥለው ዓመት ልጃችሁን ላኩ፣ ራሳችሁም ጻፉ የምላችሁ በአንድ ምክንያት ነው። አሸነፈም አላሸነፈም፣ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ጽሑፉ ይመለስለታል፣ የሦስቱም ዳኞች አስተያየት በእጅ ተጽፎበት። ሌላ ቦታ የተወዳደሩ ደንበኞች አሉኝ፣ የላኩት ነገር ደረሰ አልደረሰ እንኳን የነገራቸው የለም። እዚህ ግን አንድ የ8ኛ ክፍል ልጅ፣ ምንም ደረጃ ያልገባ፣ ወረቀቱን ይዞ ሱቄ መጥቶ አሳይቶኛል። ዳር ዳሩ በቀይ ተሞልቷል። "ይህን ገጸ ባሕርይ ለምን ገደልከው? ሥራውን ሳይጨርስ" ይላል አንዱ። ልጁ ተናዷል። ሁለት ቀን ሙሉ ስለዚያ አስተያየት ነው ያወራው። አንድ ትልቅ ሰው የጻፈውን ከምር አንብቦ ተከራክሮታል፤ ማን አድርጎለት ያውቃል?

የአዘዞዋ ልጅም ሐሙስ መጣች። የሽልማት ፖስታዋንና መጽሐፎቿን ወስዳለች፣ የምስክር ወረቀቷንም በፕላስቲክ አስለበጥኩላት። ከቦርሳዋ ግን መጀመሪያ ያወጣችው ሦስቱን ቅጂዎች ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው። አንደኛው ዳኛ የጀሪካኖቹን ቦታ አክብበው "እዚህ ጋ ቆሜ ቀረሁ" ብለዋል። ሁለተኛው አራት የፊደል ግድፈት አርመዋል፣ ሁለቱ የእኔ ናቸው፣ ይቅርታ ጠየቅኳት። ሦስተኛው ከመጨረሻው መስመር በታች "መጨረሻው ቸኩሏል። እናትየዋ ምን አለች?" ብለው ጽፈዋል።

"ፋይሉ አለሽ ወይ እትዬ?" አለችኝ።

አላጠፋሁትም ነበር። ከፈትኩላትና ወንበር ሳብኩላት። እናትየዋ አሁን በመጨረሻው ገጽ ላይ አራት መስመር ትናገራለች።